ምስክራችን ከአጥሩ ውጭ ነው

ዐቢይ ጾም ተጋምሶ ፋሲካ ሲቃረብ በየዓመቱ አንድ ዓይነት ዜና እንሰማለን። በዚህ ወይም በዚያ ከተማ ከባዕድ ነገር ጋር የተቀላቀለ ቅቤ ተያዘ፣ ቀይ አፈር የገባበት በርበሬ ተወገደ፣ ሸማቹ ለበዓል ሲገዛ ይጠንቀቅ ይባላል። ቅቤው የሚቀላቀለው ታዲያ ቅቤ በማይበላበት ወቅት ነው። ሃምሳ አምስት ቀን ሙሉ ቅቤ በአፉ ያልዞረ ሰው፣ ሌላው ጾሙን ሲፈታ የሚበላውን ቅቤ በሙዝና በአትክልት ዘይት ሊያበዛው ይችላል። ቅቤ የሚቀላቅል ሁሉ ጾመኛ ነው ማለቴ አይደለም፤ በእኛ አገር ግን ከመካከላቸው ጾመኛ የለም ብሎ የሚከራከር ይኖራል ብዬ አላስብም። ይህን ሰው ግብዝ ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ምናልባት ከልቡ የሚጾም መሆኑ ነው። ጾሙ እውነተኛ ነው፣ እንባው እውነተኛ ነው፣ ስግደቱም ጉልበቱን አቁስሎታል። እግዚአብሔር ግን በቤተ ክርስቲያን እንጂ በሱቁ አብሮት ያለ አይመስለውም። ቅቤውን ገዝቶ የሄደውም ሰው በዚያ ሱቅ ውስጥ እግዚአብሔርን አላየም።

የጎደለን አምልኮ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ከኢትዮጵያውያን 43.5 በመቶው ኦርቶዶክስ፣ 18.6 በመቶው ፕሮቴስታንት፣ ከአንድ በመቶ በታች የሚሆነው ደግሞ ካቶሊክ ነኝ ብሎ ተመዝግቧል። ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ማዕከል በ2017 እ.ኤ.አ. ይፋ ባደረገው ጥናት ከኢትዮጵያ ኦርቶዶክሳውያን መካከል 98 በመቶው ሃይማኖት በሕይወታቸው እጅግ አስፈላጊ ነው ብለዋል፤ 78 በመቶው በየሳምንቱ ቤተ ክርስቲያን እንደሚሄዱ ተናግረዋል። በዚያው ጥናት በሩሲያ በየሳምንቱ የሚሄደው ኦርቶዶክሳዊ ከመቶ ስድስት ያህል ብቻ ነበር። በሌላ በኩል ትራንስፓረንሲ ኢንተርናሽናል በ2023 እ.ኤ.አ. በሙስና መለኪያው ለኢትዮጵያ የሰጣት ነጥብ ከ100 ውስጥ 37 ነበር። መለኪያው የሚሰበስበው ባለሙያዎችና የንግድ ሰዎች ስለ ሙስና ያላቸውን ግምት እንጂ የተሰረቀውን ገንዘብ ስላልሆነ ከሚገባው በላይ ልንመዝንበት አይገባም። ጉዳይ ለማስፈጸም መሥሪያ ቤት የተመላለሰ ሰው ግን ያለዚያ ቁጥርም እውነቱን ያውቀዋል። በብዙው የአገራችን ክፍል ከመስኮቱ ወዲህ የቆመውም ከመስኮቱ ወዲያ የተቀመጠውም ክርስቲያን ነው። ከጠረጴዛው በላይ የቅድስት ማርያም ሥዕል ተሰቅሏል፣ ወይም የወንጌል ቃል ተጽፏል፤ ከጠረጴዛው በታች ደግሞ ፋይሉ ጠፍቷል የተባለው ሰው እጅ መንሻ ያቀርባል። ይህን ያህል በሚጾምና በሚጸልይ ሕዝብ መካከል የእግዚአብሔር መገኘት በምን ይታወቃል?

የእኔ መልስ ይህ ነው። እግዚአብሔር ከአንድ ክርስቲያን ጋር ስለ መኖሩ ክርስቲያኑ ራሱ ምስክር ሊሆን አይችልም፤ የእምነት ባልንጀሮቹ ምስክርነትም ብዙ ርቀት አይወስደውም። ምስክሩ መጠራት ያለበት ከውጭ ነው። ከውጭ ስል ሁለት ዓይነት ሰው ማለቴ ነው፦ እምነታችንን የማይጋራ ሰው፣ እንዲሁም ከእጃችን በታች ያለ፣ ብንበድለው መልሶ ሊበድለን የማይችል ሰው። ይህን እኔ አልፈጠርኩትም። ሐዋርያው ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ የኤጲስ ቆጶስነትን መመዘኛ ሲዘረዝር፣ ተሿሚው በውጭ ባሉት ዘንድ የተመሰከረለት እንዲሆን ጠይቋል። በዚያ ዘመን በውጭ ያሉት ጣዖት አምላኪዎቹ ጎረቤቶች፣ ነጋዴዎችና ሹማምንት ነበሩ። ሐዋርያው የእነርሱን ቃል መስማት ቤተ ክርስቲያንን ዝቅ ያደርጋታል ብሎ አልፈራም። ዳንኤልም በባቢሎን ቤተ መንግሥት ሲያገለግል የሥራ መዝገቡን ያገላበጡት ሊያጠፉት የሚፈልጉት ባልደረቦቹ ናቸው፤ በሥራው አንዲት እንከን ሲያጡ ነው በጸሎቱ በኩል ወጥመድ የዘረጉለት። ይህን ጽሑፍ በመንፈሳዊ መጽሔት ሳይሆን ሁሉም በሚያነበው ጋዜጣ ላይ ማውጣቴም በዚሁ ምክንያት ነው። ሙስሊሙም፣ ሃይማኖት የለኝም የሚለውም አንባቢ ስለ እኛ የሚያውቀው አለ፤ ሊሰማና ሊፈርድ ይገባዋል።

የክርስትናችን ታሪክ ራሱ የሚጀምረው በእንዲህ ያለ ምስክር ነው። ሩፊኖስ የተባለው የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊ ከኤዴስዮስ ከራሱ ሰማሁ ብሎ እንደ መዘገበው፣ ፍሬምናጦስና ኤዴስዮስ የተባሉ ሁለት ወጣቶች ከጢሮስ መምህራቸውን ተከትለው በመርከብ ሲጓዙ በቀይ ባሕር ዳርቻ አደጋ ደረሰባቸው። መርከበኞቹና መምህራቸው ተገደሉ፤ ሁለቱ ልጆች በዛፍ ሥር ተቀምጠው ትምህርታቸውን ሲያጠኑ ተገኙና ለንጉሡ ተሰጡ። ኤዴስዮስ የንጉሡ መጠጥ አሳላፊ ሆነ። ፍሬምናጦስ ግን ብልህና ታማኝ ሆኖ ስለ ተገኘ የቤተ መንግሥቱ ሒሳብና መዛግብት በእጁ ተሰጡት። ንጉሡ ሲሞት ነጻ አወጣቸው፤ ንግሥቲቱ ግን ልጇ እስኪያድግ ድረስ መንግሥቱን አብረዋት እንዲጠብቁላት ለመነቻቸው። ነጻ የወጣ ምርኮኛ ወደ አገሩ ለመሄድ እንደሚቸኩል ታውቃለች፤ ቢሆንም ከመንግሥቱ ሰዎች ሁሉ አስበልጣ ያመነችው እነርሱን ነው። እርሷ በዚያን ጊዜ ክርስቲያን አልነበረችም። ሃይማኖታቸውን ገና አልተቀበለችም፤ እጃቸውን ግን ለዓመታት አይታዋለች። ፍሬምናጦስ ወደ እስክንድርያ ሄዶ በአትናቴዎስ እጅ ጳጳስነት የተሾመው፣ እኛም አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ብለን የምናከብረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ጳጳስ ከመሆኑ በፊት ሒሳብ ያዥ ነበር። ሒሳቡ ቢጎድል ኖሮ ስብከቱን ማን ይሰማው ነበር?

የዚያ ዘመን ሌላ ማስረጃ በእጃችን አለ። በአክሱም ሳንቲሞች ላይ ቀድሞ ይታተም የነበረው የጨረቃ ምልክት ነበር፤ በንጉሥ ኢዛና ዘመን መስቀል ተተካ። ወርቁ በአብዛኛው ለባሕር ማዶ ንግድ ሲውል መዳቡን የሚይዘው የአገሬው ገበያተኛ ነበር። በአራተኛው መቶ ዘመን ከተሠሩት ባለ መስቀል የመዳብ ሳንቲሞች በአንዳንዶቹ ላይ አገሩን ደስ ያሰኝ ዘንድ የሚመኝ የግሪክኛ ጽሑፍ ይገኛል። እኔ ከዚህ የምረዳው አባቶቻችን መስቀሉን በገበያ መካከል፣ ከእጅ ወደ እጅ በሚተላለፈው ገንዘብ ላይ ለማኖር እንዳልፈሩ ነው። የእግዚአብሔርን ስም በዕለት ግብይት ላይ የሚያትም መንግሥት በዚያ ግብይት እንዲመዘን ፈቅዷል ማለት ነው።

ከሦስት መቶ ዓመት ያህል በኋላ ደግሞ ከመካ የተሳደዱ ሙስሊሞች ቀይ ባሕርን ተሻግረው ወደዚህ መጡ፤ ዘመኑ 615 እ.ኤ.አ. እንደ ነበር ይነገራል። የላካቸው ነቢይ መሐመድ እንደ ሆነና በምድሩ ሰው የማይበደልበት ንጉሥ አለ ብሎ እንደ ነገራቸው የሙስሊሞች ታሪክ ያስተምራል። የመካዎቹ ቁረይሾች ስደተኞቹን ለማስመለስ የቆዳ ስጦታ ጭነው መልእክተኞች ሰደዱ፤ ለንጉሡም ለሹማምንቱም አደሉ። ንጉሡ ግን የተከሳሾቹን ቃል ሳልሰማ አሳልፌ አልሰጥም አለ፤ ሰምቶም ስጦታውን መልሶ መልእክተኞቹን አሰናበተ። ስለ ንጉሡ የኋላ እምነት ሁለቱ ሃይማኖቶች የተለያየ ነገር ይናገራሉ፤ ስደተኞቹ የደረሱት ግን ወደ ክርስቲያን አገርና ወደ ክርስቲያን ንጉሥ ነበር። ይህን ታሪክ እኛ አልጻፍነውም። አሥራ አራት መቶ ዓመት ሙሉ ጠብቀው ያስተላለፉልን ሙስሊሞች ናቸው፤ ያስተላለፉትም ስለ አክሱም ቅዳሴ ርዝመት ሳይሆን ጉቦ አልቀበልም ስላለ ዳኛ ነው።

ከአገራችን ውጭም ነገሩ እንዲሁ ነው። ሥርዓቱ መነኮሳታችንን የመራው አባ ጳኩሚስ በአራተኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ገና አረማዊ ወጣት ሳለ ለሮም ሠራዊት በግዳጅ ተመልምሎ ነበር። ከሌሎች ምልምሎች ጋር በቴብስ ተቆልፎበት ሳለ የከተማይቱ ክርስቲያኖች ሲመሽ ለማያውቋቸው እስረኞች ምግብና መጠጥ ይዘው መጡ። እነዚህ እነማን ናቸው ብሎ ጠየቀ። ሕይወቱን ሙሉ የመራው የዚያ ጥያቄ መልስ ነው። በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ በቅዱስ መርቆሬዎስ ጦር ሲወጋ የምናየው ዑልያኖስ ከሃዲም ሳይወድ መስክሯል። ክርስትናን ትቶ የጣዖትን አምልኮ ሊያድስ የተነሣው ይህ ንጉሥ፣ ለገላትያ ሊቀ ካህናት ጻፈው ተብሎ በተላለፈው ደብዳቤ፣ ክርስቲያኖች የራሳቸውን ድሆች ብቻ ሳይሆን የእኛንም ይመግባሉ እያለ በካህናቱ ላይ ያማርራል። ለእንግዳ ያላቸውን ደግነትና ለሙታን መቃብር የሚያደርጉትን ጥንቃቄም ይጠቅሳል፤ በየከተማው የእንግዳ ማረፊያ እንዲሠራም ያዝዛል። ጠላት እንዲህ ከመሰከረ ከዚያ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

ንግሥቲቱ፣ ስደተኞቹ፣ ምልምሉ ወታደርና ዑልያኖስ ያዩት ነገር አንድ ነው። አንዱም ክርስቲያኖቹ ስንት ሰዓት እንደ ጸለዩ አልተናገረም። ያዩት ገንዘብና ሥልጣን በክርስቲያን እጅ ሲገባ ምን እንደሚሆን፣ ደካማ ሰው በፊቱ ሲቆም ምን እንደሚያደርግ ነው። የማይታየውን እግዚአብሔርን ያዩት በዚያ በኩል ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ተቃውሞ ይነሣል። ጌታ ራሱ በተራራው ስብከት ሰው እንዲያያችሁ ብላችሁ አታድርጉ፣ ቀኝ እጅህ የምታደርገውን ግራህ አትወቅ አላለም ወይ? እንግዲያስ ለመታየት መኖርን እንደ ግብ መያዝ የፈሪሳውያን መንገድ አይሆንም ወይ? ተቃውሞው በቁም ነገር መልስ ይገባዋል፤ በዚያው ስብከት ብርሃናችሁ በሰው ፊት ይብራ የሚለውም ትእዛዝ አለና። ሁለቱን አስተያይቶ ያነበበ ሰው ግን ጌታ እንድንሰውራቸው ያዘዘው ሦስት ነገሮችን መሆኑን ያገኛል፦ ምጽዋትን፣ ጸሎትንና ጾምን። እነዚህ ሦስቱ ሌላ ሰው ሳያያቸው ሙሉ የሚሆኑ ናቸው። የሠራተኛ ደሞዝ፣ የሚዛን እውነት፣ ለተቀየመ ወንድም የሚደረግ ይቅርታ ግን ሊሰወሩ አይችሉም፤ ሁልጊዜ በዚያ ወገን ሌላ ሰው አለና። እኛ ነገሩን ገልብጠነዋል። እንድንሰውር የታዘዝነውን አደባባይ አውጥተናል፤ ለአንዲት እናት አንድ ሊትር ዘይትና አምስት ኪሎ ዱቄት ስንሰጥ በካሜራ ይቀረጻል፣ የእናቲቱ ፊት በቲክቶክ ይሰራጫል፣ በድህነቷም ላይ የብዙ ሺህ ሰው አስተያየት ይጻፋል። ሰው ሊያየው የሚገባውን ደግሞ ደብቀናል፤ ለጉልበት ሠራተኛው ምን ያህል እንደምንከፍለው፣ ያለ ደረሰኝ የሸጥነው ስንት እንደ ሆነ ማንም እንዲያውቅ አንሻም። ፎቶ ያነሣነው ድሃ ምስጋና ያቀርብልን ይሆናል፤ እግዚአብሔርን ግን አላየበትም፤ ያየው ስልክ የያዘ እጅ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከተቃራኒው ወገን ይመጣል። ሐቀኛ ሙስሊም አለ፣ ሃይማኖት የሌለው ቅን ሰው አለ፤ ታዲያ ሐቀኝነት የክርስቶስ መገኘት ምልክት እንዴት ይሆናል? እውነት ነው፤ በመርካቶ ቃሉ ከውል ወረቀት የሚበልጥ ሙስሊም ነጋዴ መኖሩን ክርስቲያኖች ሁላችን እናውቃለን፣ እናምነዋለንም። መጽሐፍ ቅዱስም ገና ያልተጠመቀው የመቶ አለቃው ቆርኔሌዎስ ምጽዋት በእግዚአብሔር ፊት እንደ ታሰበ ይናገራል። ቅንነት ባለበት ሁሉ ክርስቲያን አለ አልልም። የምለው ቅንነት በሌለበት፣ ስሙ ምንም ይሁን፣ የክርስቶስን መገኘት ማሳየት አይቻልም ነው። የክርስቲያን ልዩ መለያ ተብሎ የተሰጠ አንድ ነገር ካለ ጠላትን መውደድ ነው። በዚህ መለያ ስንመዘን ደግሞ ከገበያው የከፋ ነገር ይገጥመናል። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ተጀምሮ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያው ስምምነት በቆመው የሰሜኑ ጦርነት ውስጥ በየግንባሩ የተሰለፈው አብዛኛው ወጣት አንገቱ ላይ ማዕተብ ያሠረ ወይም በኪሱ ወንጌል የያዘ ነበር። በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ሳይቀር ደም ፈስሷል። ፖለቲካው ብዙ ምክንያት ነበረው፤ እርሱን ለመተንተን አልገባም። አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ። ከዚያኛው ወገን ያለች እናት፣ ከዚህኛው ወገን ያለ ክርስቲያን ለልጄ አለቀሰ ብላ የምትጠቅሰው ስብከት፣ መግለጫ ወይም ጸሎት ስንት ሰማች? ጥቂት ሰዎች ዋጋ ከፍለው እንደ ተናገሩ አምናለሁ። ድምፃቸውን የዋጠው ግን የእኛው የራሳችን ጩኸት ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከአገልጋዮች አካባቢ ይሰማል፤ ይህ አካሄድ እምነትን ወደ ሥነ ምግባር ያወርደዋል፣ ቅዳሴውን፣ ቁርባኑን፣ ዝማሬውን ትርፍ ያደርገዋል ይላሉ። እንዲያ ቢሆን ኖሮ እኔም እቃወመው ነበር። ሥርዓተ አምልኮው ራሱ ግን እንዲህ አይለያይም። ከሰማንያ አንዱ ቅዱሳት መጻሕፍታችን ጋር የሚቆጠረው ዲድስቅልያ ኤጲስ ቆጶሳት ድሃን ከሚጨቁንና በሚዛን ከሚያታልል ሰው መባ እንዳይቀበሉ ያዝዛል። ይህ ትእዛዝ ዛሬ በተግባር ቢውል ስንት የሕንፃ ማሠሪያ ገንዘብ ወደ ሰጪው ይመለስ እንደ ነበር ማሰብ ያስፈራል። በቅዳሴው መካከልም ከቁርባን በፊት ዲያቆኑ እርስ በርስ ሰላም እንድንባባል ያዛል፤ ቂም የያዘ ወደ ማዕዱ እንዳይቀርብ ነው። የወይዘሮ አበበች ጎበና ታሪክም የሚያሳየው ይህንኑ ነው። በ1970ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ ግሸን ማርያም ለመሳለም የሄዱ ምእመን ነበሩ፤ ወሎ በረሃብ ሲጠቃ የደረሱት በመንፈሳዊ ጉዞ ላይ ሳሉ ነው። ለስንቅ የያዙትን ዳቦ ለተራቡት ቆርሰው ሰጡ፤ ወላጅ የሞተባቸውን ሁለት ሕፃናት ይዘው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። ቤተሰባቸው አልተቀበላቸውም፤ እርሳቸው ግን ከልጆቹ ጋር ወጡ። ከዚያ ተነሥቶ ያደገው ድርጅት በ2013 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስና ከዚያም በኋላ ለብዙ ሺህ ሕፃናት ቤት ሆኗል። ወደ ግሸን መሄዳቸው ከንቱ ነበር የሚል ማን ነው? ያደረጉትን ያደረጉት ግን መንገድ ላይ ነው።

በዚህ ሁሉ መካከል ከሁሉ የሚቀርበንን ምስክር እንዳንረሳ እፈራለሁ፤ እርሷም የቤት ሠራተኛዋ ናት። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የተባለው የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥርን ከወሰኑ ውጭ ያደርጋል፤ የቤት ሠራተኛ በልዩ ደንብ ትተዳደራለች ብሎ ያልፋታል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ጥቂት አንቀጾች ቢነኳትም፣ የሥራ ሰዓቷን የሚቆጥር ተቆጣጣሪ ወደ ቤታችን አይመጣም። ስለዚህ በዚያ በር ውስጥ ከአሠሪዋ ሌላ በእርሷ ላይ የሚፈርድ የለም፤ እግዚአብሔርን መፍራት እውነተኛ ከሆነ የሚታየውም እዚያ ነው። እመቤቲቱ ኪዳን ልታደርስ በሌሊት ስትነሣ ልጅቷ ቀድማ ተነሥታለች። እሑድ ቤተሰቡ በሙሉ ወደ አምልኮ ሲወጣ ሕፃኑን ይዛ የምትቀረው እርሷ ናት፤ እንደ እነርሱ ክርስቲያን ብትሆንም የእርሷን ሰንበት የሚጠይቅላት የለም። ፍራሿ ማድ ቤት ወለል ላይ ነው፤ ደሞዟ አንዳንዴ ደላላው ጋ፣ አንዳንዴ ይጠራቀምልሽ ተብሎ አሠሪዎቿ ጋ ይቀራል። በቤይሩት፣ በጅዳ፣ በኩዌት በሰው ቤት የሚያገለግሉ እህቶቻችን ሲበደሉ እናለቅሳለን፣ በየቤተ እምነቱም እንጸልይላቸዋለን፤ መልካም ነው። ያቺ በማድ ቤታችን የምታድር ልጅ ግን ስለ ጸሎታችን ምን ታስባለች? ይህች የክርስቲያን አገር ባርነትን በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ እስክትሽር ድረስ ስንት ትውልድ አስቀድሶ ወደ ቤቱ ሲመለስ ባሪያው እግሩን እንዳጠበው ብናስታውስ፣ በዓይናችን ፊት ያለን በደል አለማየት የቆየ ልማዳችን መሆኑ ይገባናል። ያዕቆብ በመልእክቱ የተከለከለ የሠራተኛ ደሞዝ ራሱ እንደሚጮኽ ጽፏል። እኛ ባንሰማው የሚሰማው አለ።

የመጨረሻውና በሰው አፍ ዘወትር የሚሰማው ተቃውሞ ሐቀኛ ሰው በዚህ ገበያ አይኖርም የሚለው ነው። ግብር የሚያሰላው ሰው በግምት ይቆልላል፣ ጨረታው ያለ እጅ መንሻ አያልፍም፣ ጎረቤት ሱቁ ባዕድ ነገር እየቀላቀለ በርካሽ ይሸጣል፤ ልጆች ደግሞ የትምህርት ቤት ክፍያ አለባቸው። ይህን ተቃውሞ የሚያነሡትን ሰዎች አልንቅም፤ ብዙዎቹ ሐቀኛ ለመሆን ሞክረው የተጎዱ ናቸው። የሚያስተዛዝበኝ ነገር አንድ ነው፤ አንድ ሰው የሐሰት ሰነድ አልፈርምም ብሎ ከሥራ ሲባረር ብቻውን መቅረቱ። ለቅሶ ሲደርስበት ዕድሩ ድንኳን ይተክልለታል፤ ሲታመም ማኅበሩ ይጠይቀዋል፤ በእውነት ምክንያት ደሞዙ ሲቋረጥ ግን የሞኝ ስም ይሰጠዋል። የጥንቶቹ ክርስቲያኖች ዑልያኖስን እስኪያስቀና ድረስ ማበርከት የቻሉት እያንዳንዳቸው ጀግኖች ስለ ነበሩ አይመስለኝም፤ አንዱ የወደቀ እንደ ሆነ የሚያነሣው ስለ ነበረ ነው። ሐቀኝነት የግለሰብ ብቻ ሸክም ሆኖ ከቀጠለ ጥቂቶች ቅዱሳን ይሆናሉ፣ ሌሎቻችን እንደ ኖርን እንኖራለን። ድካማችንም ቢሆን መፍትሔ የሌለው አይደለም። ቀራጩ ዘኬዎስ ንጹሕ ሰው ስለ ነበር አልተመሰገነም፤ ሕዝቡ በጌታ ላይ እያጉረመረመ ሳለ የቀማሁትን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ብሎ ተነሣ። ንስሐው ለንስሐ አባት ብቻ የተነገረ ቢሆን ኖሮ የተዘረፈው ጎረቤት በምን ያውቅ ነበር? ገንዘቡ በእጁ ሲገባ ግን አወቀ።

በጽዋ ማኅበሩም ሆነ በወንጌላውያን የቤት ለቤት ኅብረት የሚጀመር ሥራ አለ። ወር በገባ ቁጥር ዝክሩ ሲዘከር፣ ጸበል ጸዲቁ ሲቀመስ፣ ከሚሰበሰበው መዋጮ ላይ በእውነት ምክንያት ሥራውን ላጣ አባል የሚሆን ድርሻ ይቀመጥ፤ ሥራ እስኪያገኝ የሦስትና የአራት ወር የቤት ኪራይ ይከፈልለት። ሱቅ ያለው አባል ሚዛኑን ሌላ አባል እንዲያይለት ይጋብዝ፤ ማየቱ ውርደት መስሎ የሚታየው ለአንድ ወር ያህል ነው። የበደለውን ገንዘብ ለመመለስ የወሰነ አባል ወደ ተበዳዩ ሲሄድ ሽማግሌ ሆነው የሚሄዱለት ሁለት ሰዎች ይመደቡለት፤ ይህን ሥራ ከእኛ ሕዝብ የተሻለ የሚያውቅ የለም፣ እርቅና ካሳን ስንሠራ ኖረናል። ሠራተኛ ያለው ቤት የእሑድ ዕረፍቷንና የወር ደሞዟን ቀን በማኅበሩ ፊት ይናገር። የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴው ደግሞ ኪራይ የሚሰበስቡትን አባላት በየስድስት ወሩ ስለ ተከራዮቻቸው ይጠይቅ፤ ዘንድሮ ስንት ጨመራችሁ፣ ያስወጣችሁት ሰው የት ሄደ ይበል። መልሱን ከአከራዩ ብቻ ሰምቶ ግን አይመለስ፤ ወደ ተከራዩም ቤት ይሂድ፣ ተከራዩ ሙስሊም ቢሆን ደግሞ በተለይ ይሂድ።